የጠፋው መብራት፦ ስላገለገለ የፍሬን ዕቃና ስለ ባልንጀራችን ሕይወት

በክረምት ወራት ከደሴ ፒያሳ ተነሥቶ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ መንገደኛ በሁለት ነገሮች ይታመናል፤ አንደኛው የእግዚአብሔር ጥበቃ ሲሆን ሁለተኛው የተሳፈረበት መኪና ፍሬን ነው። የመጀመሪያውን በጸሎታችን እናስባለን፤ ሁለተኛውን ግን የመካኒክ ጉዳይ ነው ብለን ትተነዋል። ይሁን እንጂ አንድ አሮጌ መኪና በምን ዓይነት ዕቃ ሊጠገን እንደሚገባ፣ ጥገናውም ለማን መነገር እንዳለበት መወሰን ከጋራዥ አልፎ ወደ ኅሊና የሚገባ ጥያቄ ነው። በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የፈለግነውም ይህንኑ ነው።

«ማንም አያውቅም»

በሌላ ሰው ላይ ጣት መቀሰር ቀላል ነውና ከራሳችን እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የተሠራች አንዲት አሮጌ ኮሮላ አለችን። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከመሪው ፊት ባለው የመብራት ሰሌዳ ላይ «ኤቢኤስ» የሚባለው ቢጫ መብራት በርቶ አልጠፋ አለ። ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድናት። መካኒኩ መርምሮ፣ ፍሬን በድንገት ሲያዝ ጎማዎቹ ተቆልፈው እንዳይንሸራተቱ የሚከላከለው ክፍል መበላሸቱን ነገረን። አዲሱን ዕቃ ማግኘት ቀላል አልነበረም፤ ቢገኝም ዋጋው የብዙ ወር ደመወዛችንን የሚውጥ ነበር። ከተበተነ መኪና የወጣ ያገለገለ ዕቃ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ይቻል ነበር፤ እርሱም ቢሆን ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል። ሦስተኛ መንገድም ነበር። «ጋሼ፣ ለጊዜው መብራቱን ከሌላው ጋር ላገናኝልዎ፤ ቁልፉን ሲከፍቱ ይበራል፣ ሞተሩ ሲነሣ ይጠፋል። ማንም አያውቅም» አለን። እኛም እሺ አልን።

ጥቂት ወራት አለፉ። በነሐሴ አንድ ቀን ጎረቤታችን እናቱን ኮምቦልቻ ለቅሶ ለማድረስ መኪናዋን እንድናውሰው ጠየቀን። በጉርብትና እንዲህ ያለውን መከልከል ነውር ነውና ቁልፉን ሰጠነው። ዘይትና ውሃ ማየታችንን፣ ጎማዋም ደኅና መሆኑን ነገርነው፤ ስለ መብራቱ ግን አልነገርነውም። ረስተን ነው ብንል ደስ ባለን ነበር፤ እውነቱ ግን ማፈራችን ነው።

ማምሻውን ተመልሶ መጣ። ሐረጎ ላይ በግ የምትነዳ አንዲት ልጅ ከጭጋጉ ውስጥ ድንገት ወደ አስፋልቱ መውጣቷን፣ ፍሬኑን በኃይል መርገጡን፣ መሪውን ቢያዞርም መኪናዋ አልታዘዝ ብላ ቀጥ ብላ መንሸራተቷን፣ ልጅቱም ወደ ኋላ ዘልላ ለጥቂት መትረፏን ነገረን። ከኮምቦልቻ ይዞልን የመጣውን ብርቱካን በእጃችን ላይ አኖረ። እኛም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለን ተቀበልን። ከዚያ በቀር የተናገርነው ነገር አልነበረም።

ማንም አልሞተም፤ ማንም አልቆሰለም። ታዲያ ጥፋት ተሠርቷልን? ይህ ጥያቄ ከዚያች ማታ ጀምሮ ዕረፍት ነሣን።

መኪናውና ቁልቁለቱ

ለጥያቄው መልስ ከመስጠታችን በፊት ነገሩን በሚገባ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ባላወቁት ነገር መፍረድ ራሱ ጥፋት ነውና።

ሾፌሩ ፍሬን ሲረግጥ የፍሬኑ ዘይት በግፊት ወደየጎማው ሄዶ የፍሬን ሸራውን ከሚሽከረከረው ብረት ጋር ያጣብቀዋል። መንገዱ እርጥብ ወይም ጭቃ የበዛበት ከሆነ ግን ጎማው መሽከርከሩን ፈጽሞ ያቆምና መንሸራተት ይጀምራል። የሚንሸራተት ጎማ ደግሞ ወዴት ቢያዞሩት አይታዘዝም፤ መኪናው መሪው ወደ ጠቆመው ሳይሆን ወደ ጀመረው አቅጣጫ ይገፋል። ኤቢኤስ የተባለው ሥርዓት የተፈጠረው ይህን ለመከላከል ነው። በየጎማው አጠገብ የተተከለ ሴንሰር ጥርስ ያለውን ቀለበት እያነበበ የጎማውን ፍጥነት ለአንድ መቆጣጠሪያ ሣጥን ይነግራል፤ ሣጥኑም ጎማው ሊቆለፍ መሆኑን ሲያይ ግፊቱን በቫልቮችና በፓምፕ አማካይነት በአንድ ሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ ይለቃል፣ ይይዛል። በዚህ ምክንያት ሾፌሩ ፍሬን እንደ ረገጠ መሪውን አዙሮ ከእንቅፋቱ ሊያመልጥ ይችላል። የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ ይህን ዕቃ በብዛት አምርቶ ለመጀመሪያ ጊዜ በመርሴዲስ መኪና ላይ የገጠመው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው።

ሥርዓቱ ሲበላሽ ብዙውን ጊዜ ተራው ፍሬን መሥራቱን ይቀጥላል። ስለዚህም መብራቱ ቀይ ሳይሆን ቢጫ ነው፤ ቀዩም አብሮ ከበራ ግን መኪናውን ወዲያው ማቆም ይገባል። በአገራችን መንገድ ላይ ይህ ዕቃ ከመጀመሪያውም ያልነበራቸው ብዙ መኪናዎች ሲሠሩ ኖረዋል። ልምድ ያላቸው ሾፌሮቻቸውም በእርጥብ መንገድ ላይ ፍሬኑን አንድ ጊዜ ከመድፈቅ ይልቅ እየያዙ እየለቀቁ መውረድን ያውቁበታል። ዕቃው የሌለው መኪና ሁሉ ገዳይ ነው ማለት ስለዚህ ውሸት ይሆናል። አደጋው ያለው በሌላ ስፍራ ነው። ዕቃው አለኝ ብሎ የሚያምን ሾፌር ፍሬኑን በሙሉ ኃይሉ ይረግጣል፤ መሪውም ይታዘዘኛል ብሎ ያምናል። እምነቱ ከንቱ መሆኑን የሚያውቀው ልጅቱ ፊቱ ከቆመች በኋላ ነው።

መንገዳችንን ደግሞ እናስብ። ፒያሳ የሚለው የሰፈራችን ስም ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ ፍሬን፣ ጎማ፣ ታርጋ፣ ሊብሬና ቦሎ የሚሉት ቃላትም ከዚያው ቋንቋ ወደ እኛ ገብተዋል። ስሙን ከሌላ ብንወስደውም ቁልቁለቱ የራሳችን ነው። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ኮምቦልቻ ከእርሷ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ ትገኛለች። በመካከላቸው ያለው መንገድ ሐረጎን እየተጠማዘዘ የሚወርድ የ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ጕዞ ነው። ከነተሳፋሪዎቹ 1,200 ኪሎ የሚመዝን መኪና ይህን ያህል ቁልቁለት ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ሁሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ፣ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ይህን ሙቀት የሚሸከሙት በአንድ በኩል ሞተሩ በከባድ ማርሽ፣ በሌላ በኩል ፍሬኑ ናቸው። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት የመምጠጥ ጠባይ አለው። ዶት 3 የተባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በታች እንዳይፈላ ሆኖ ይመረታል፤ እርጥበት ከመጠጠ በኋላ ግን የሚጠበቅበት ልክ ወደ 140 ዲግሪ ይወርዳል። ዘይቱ የፈላ እንደ ሆነ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠርና ፔዳሉ ያለ ምንም ተቃውሞ እስከ ወለሉ ይወርዳል። እንግዲህ በዚህ መንገድ ላይ ፍሬንን የሚመለከት ማናቸውም ውሳኔ ቀላል ውሳኔ አይደለም።

ያገለገለ ዕቃ መግጠም ኀጢአት ነውን?

አንዳንድ ቅን ሰዎች በመኪና ፍሬን ላይ ያገለገለ ዕቃ መግጠም በራሱ የነፍስ ጉዳይ ነው፣ ፈጽሞ ሊደረግ አይገባም ይላሉ። ይህን አስተያየት ብናከብረውም እንዳለ አንቀበለውም።

በመጀመሪያ፣ ዕቃዎች ሁሉ እኩል አይደሉም። የፍሬን ሸራ እየተፋቀ የሚያልቅ ነገር ነው፤ ከሌላ መኪና የወጣ ሸራ ቀሪ ዕድሜውን አሟጦ የመጣ ነው። ቱቦዎችና ላስቲኮችም በጊዜ ብዛት ይደርቃሉ፣ ይሰነጠቃሉ። እነዚህን አሮጌ ገዝቶ መግጠም ምንም ማመካኛ የለውም። የጎማ ሴንሰር ግን በመለኪያ ተፈትሾ ደኅንነቱ ሊታወቅ ይችላል። መቆጣጠሪያ ሣጥኑም በላዩ የታተመው ቍጥር ከቀድሞው ጋር አንድ ከሆነ ለብዙ ዓመት ሊያገለግል ይችላል፤ ቍጥሩ የተለየ ከሆነ ግን ቅርጹ ቢመሳሰልም አሠራሩ ለሌላ ክብደትና ለሌላ ጎማ የተሰናዳ ሊሆን ይችላል። ከሁሉ የሚያስቸግረው ቫልቮቹንና ፓምፑን የያዘው ክፍል ነው። ከተበተነ መኪና ወጥቶ አፉ ሳይደፈን በመደርደሪያ ላይ የቆየ እንደ ሆነ እርጥበት ገብቶ ውስጡን ሊያዝገው ይችላል፤ በዓይን አይታይም። ከተገጠመም በኋላ አየሩ በሚገባ መውጣት አለበት፤ በአንዳንድ መኪናዎች ላይ ይህ የሚሆነው ፓምፑን በመመርመሪያ መሣሪያ እያሠሩ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ አዲስ መሆን ብቻውን የታማኝነት ማረጋገጫ አይደለም። የታወቀ ኩባንያ ስም ተለጥፎበት በሚያምር ካርቶን የታሸገ ሐሰተኛ ዕቃ በዓለም ገበያ ሁሉ ይሸጣል። የተፈተሸና ምንጩ የታወቀ ያገለገለ ኦርጅናል ዕቃ ከእንዲህ ዓይነቱ «አዲስ» ሊሻል ይችላል።

ሦስተኛ፣ ድኻውን በማይችለው ሕግ ማሰር ፍትሕ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 አርጅተው በሚገቡ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ተነገረ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ በብር ተወደደ። እነዚህ እርምጃዎች የየራሳቸው ምክንያት ይኖራቸው ይሆናል። ውጤታቸው ግን በእጃችን ያለው አሮጌ መኪና ረዘም ላለ ጊዜ እንዲያገለግለን ግድ የሚል ነው። በመርካቶ ሶማሌ ተራ የአንዱን መኪና ሞት ለሌላው ሕይወት የሚያደርገው ገበያ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነው። በዚያ ገበያ ላይ የሚፈርድ ሰው አስቀድሞ የራሱን ኪስ ይመልከት።

ስለዚህ መልሳችን ይህ ነው፦ ለዚህ አገልግሎት የሚሆን፣ የተፈተሸ፣ ከመኪናው ጋር የሚስማማ ያገለገለ ዕቃ መግጠም በራሱ ኀጢአት አይደለም። ጥያቄው ዕቃው ቀድሞ በማን እጅ እንደ ነበረ ሳይሆን፣ ስለ ዕቃው የምናውቀውን እውነት ምን እንዳደረግነው ነው።

ዝምታ መቼ ውሸት ይሆናል?

ቅዱስ ቶማስ አኵዊናስ በ13ኛው መቶ ዘመን በጻፈው «ሱማ ቴኦሎጂካ» በተባለው ታላቅ መጽሐፉ ስለ መግዛትና መሸጥ ሲያስተምር፣ ሻጭ የዕቃውን ጉድለት የመናገር ግዴታ አለበትን ብሎ ይጠይቃል። መልሱ በጥንቃቄ የተመዘነ ነው። ጉድለቱ ለሁሉ የሚታይ ከሆነ፣ ለምሳሌ ፈረሱ አንድ ዓይና ቢሆን፣ ዋጋውንም እንደ ጉድለቱ ከቀነሰ፣ ሻጩ አዋጅ ማስነገር አይጠበቅበትም። ጉድለቱ ስውር ሲሆንና በገዢው ላይ ኪሣራ ወይም አደጋ የሚያመጣ ሲሆን ግን ሳይናገር መሸጥ ማታለል ነው። የፍሬን ዕቃ ከዚህ በላይ ምን ስውር ነገር አለው? የአደጋውስ ክብደት ምን ይተካከለዋል?

የመኪናችን መብራት ግን ከዝምታም የከፋ ነበር። ዝም ያለ ሰው ቢጠየቅ እውነቱን ሊናገር ይችላል። ያ መብራት ግን ቁልፉ በተከፈተ ቍጥር በርቶ በመጥፋት «ደኅና ነኝ» እያለ ይመሰክር ነበር። አፍ የሌለው የሐሰት ምስክር በገዛ መኪናችን ውስጥ ሾመናል ማለት ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን (19፥14) በዕውር ፊት ዕንቅፋት እንዳይደረግ ታዟል። ጎረቤታችን ዓይናማ ነበር፤ በዚያ ቁልቁለት ላይ ዕውር ያደረግነው እኛ ነን።

«ነገር ግን ጕዳት አልደረሰም» የሚለው ሐሳብ ለጊዜው ያጽናናል። ኦሪት ዘዳግም (22፥8) አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲሠራ ያዝዛል። ትእዛዙ ሰው እስኪወድቅ ድረስ አይጠብቅም፤ መከታ የሌለው ጣራ ገና ማንም ሳይወድቅበት ባለቤቱን በደለኛ ያደርገዋል። የኦሪት ዘፀአት ሕግም (21፥28-29) በሁለት ባለቤቶች መካከል ይለያል፤ በሬው ተዋጊ መሆኑን ያላወቀውንና ተነግሮት ሳይጠብቀው የቀረውን አንድ አድርጎ አይፈርድባቸውም። ያ ቢጫ መብራት የተሰጠን ማስጠንቀቂያ ነበር፤ ስለ በሬው ተነግሮናል። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም አምስተኛውን ትእዛዝ ሲያብራራ (ቍ. 2269) ያለ ከባድ ምክንያት ሰውን ለሞት አደጋ ማጋለጥን ይከለክላል። ልብ እንበል፤ የተከለከለው መግደል ብቻ አይደለም፣ ማጋለጥም ጭምር ነው። ልጅቱ ወደ ኋላ መዝለሏ የእርሷ ቅልጥፍናና የእግዚአብሔር ቸርነት ነው፤ በእኛ መዝገብ ላይ የሚጻፍ መልካም ሥራ አይደለም።

የአገራችን ሕግም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት፣ ጥፋት ባይሠራም እንኳ፣ ተሽከርካሪው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጕዳት ኃላፊ ያደርገዋል። የሦስተኛ ወገን መድን ዋስትና በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ መሆኑም ከዚሁ መንፈስ የመነጨ ነው። ሆኖም ሕጉ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከአደጋው በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ። ከአደጋው በፊት በጋራዡ ውስጥ ያለው ዳኛ ኅሊና ብቻ ነው።

የምናቀርባቸው ምክንያቶች

በዚህ ጉዳይ ከሾፌሮች፣ ከመካኒኮችና ከባለ መኪናዎች ጋር ስንነጋገር ሦስት ምክንያቶች ደጋግመው ይነሣሉ። እኛም ለራሳችን ብለናቸው ስለ ነበር በአክብሮት እንመዝናቸዋለን።

የመጀመሪያው «ዋጋው ይናገራል» የሚለው ነው። በርካሽ የገዛ ሰው ያገለገለ መሆኑን ያውቃል ይባላል። እውነት ነው፤ ገዢው ያውቃል። ነገር ግን የፍሬን ዕቃ ከጫማና ከልብስ የሚለየው በዚህ ነው፤ የገዛው አንዱ ሲሆን ነፍሱን የሚያኖርበት ሌላው ነው። ተሳፋሪው ዋጋውን አልሰማም። በግ የምትነዳው ልጅ በገበያው ውስጥ አልነበረችም፤ ከማንም ጋር አልተዋዋለችም። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. በክፍለ ሀገራችን በለጋምቦ ወረዳ አንድ አውቶቡስ ገደል ገብቶ 38 ሰዎች ሲሞቱ፣ ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ። ይህን የምናነሣው የአደጋውን ምክንያት ከፍሬን ጋር ለማያያዝ አይደለም፤ ትኬት ቆርጦ የሚሳፈር ሰው ምን ያህል አደራ በማያውቀው ሰው እጅ ላይ እንደሚያኖር ለማስታወስ ነው።

ሁለተኛው «ድህነት ነው» የሚለው ነው። ድህነት አሮጌ ዕቃ ለመግዛት በቂ ምክንያት መሆኑን ከላይ ተቀብለናል። ይሁን እንጂ እውነቱን መናገር ገንዘብ አይጠይቅም። ቀስ ብሎ መውረድ፣ በጭጋግ ጊዜ አለመሄድ፣ ፍሬኑ ጉድለት እንዳለበት ለሚረከበው ሰው መንገር ለድኻውም ለሀብታሙም ዋጋቸው አንድ ነው። እኛን ዝም ያሰኘን ችግር አልነበረም፤ ኀፍረት ነው። ኀፍረትን ድህነት ብሎ መጥራት ደግሞ በእውነት ድኾች በሆኑት ላይ ማላከክ ይሆናል።

ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ለአማኞች ቅርብ ስለ ሆነ ከሁሉ ይልቅ ያስፈራል፤ «እግዚአብሔር ይጠብቀናል» የሚለው ነው። በወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ታክሲ ተሳፍረው «በሰላም ያግባን» ሲሉ መስማት መልካም ነገር ነው። በመስተዋቱ ላይ መቍጠሪያ ወይም ተስቢሕ መስቀልም መልካም ነው። ነገር ግን ፈታኙ ጌታችንን በመቅደሱ ጫፍ ላይ አቁሞ ራሱን ወደ ታች እንዲወረውር፣ መላእክትም እንደሚያነሡት በነገረው ጊዜ፣ ጌታችን እግዚአብሔርን መፈታተን እንደማይገባ መልሶለታል (ማቴ. 4፥5-7)። የማስጠንቀቂያውን መብራት አጥፍቶ፣ አማትቦ ሐረጎን መውረድ ከዚህ ፈተና በምን ይለያል? ጸሎት የሰውን ኃላፊነት የሚተካ ሳይሆን የሚያነቃ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

በጳጳሳዊ ምክር ቤት አማካይነት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2007 ከቫቲካን የወጣው የመንገድ ሐዋርያዊ አገልግሎት መመሪያ ለሾፌሮች አሥር ትእዛዛትን አዘጋጅቶ ነበር፤ ከእነርሱም መካከል በመንገድ ላይ ደካማውን ወገን መጠበቅና ለሌላው ኃላፊነት መሰማት ይገኙባቸዋል። በከተማችን ሁኔታ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ በአጭሩ እንመልከት።

ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥ ወንድማችን ዕቃው ከየትኛው መኪና እንደ ወጣ የሚያውቀውን ይናገር፤ የማያውቀውንም አላውቅም ይበል። «አላውቅም» የሚለው ቃል ዋጋ ያስቀንስ ይሆናል፤ ነገር ግን ገዢውን እንዲያስፈትሽ ያነቃዋል። መካኒኩ የወጣውን አሮጌ ዕቃ ለባለቤቱ ያስረክብ፤ ምን እንደ ገጠመ፣ የዕቃውን ቍጥርና ቀኑን በአንዲት ወረቀት ጽፎ ይስጥ። ያቺ ወረቀት በሊብሬው ውስጥ ብትቀመጥ መኪናው ቢሸጥ ወይም ቢዋስ ለቀጣዩ ሰው ምስክር ትሆናለች። ከሁሉ በላይ፣ መብራት እንዲያጠፋ የተጠየቀ መካኒክ እምቢ ማለትን ይልመድ። አንድ ደንበኛ ሊያጣ ይችላል፤ የእጁን ሥራ ሳይሰጋ መንገድ ላይ ማየት ግን ታላቅ ዕረፍት ነው።

ባለ መኪናው ዕቃውን መግዛት እስኪችል ድረስ መብራቱን እንደ በራ ይተወው። የበራ መብራት ያሳፍራል፤ ዓመታዊ ምርመራ ሲደርስም ቦሎ ለማግኘት ያስቸግር ይሆናል። ቢሆንም እውነተኛ መብራት ነው፤ መሪውን የሚይዘውን ሁሉ «ቀስ በል» ይለዋል። እቁብ የሚጠጡ የታክሲ ባለቤቶችም በየወሩ ጥቂት ለፍሬን ብቻ ቢያስቀምጡ፣ አንዱ ብቻውን የማይችለውን ዕቃ በተራ ሊገዙ ይችላሉ። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ደግሞ አምስተኛውን፣ ሰባተኛውንና ስምንተኛውን ትእዛዛት ሲያስተምሩ ይህን ምሳሌ ቢያነሡት መልካም ይመስለናል። አትግደል፣ አትስረቅ፣ በሐሰት አትመስክር የሚሉት ሦስቱ በአንዲት ትንሽ ቢጫ መብራት ላይ ይገናኛሉና። ወጣቶቹንም «ቁልፉን ስትሰጡ ምን ትናገራላችሁ?» ብለው ይጠይቋቸው።

የእኛን ታሪክ ሳንፈጽም አንተወውም። ብርቱካኑን ከተቀበልን ከአምስት ቀን በኋላ መኪናዋን ወደ ጋራዡ መልሰን መብራቱ እንደ ቀድሞው እንዲሆን አደረግን። ገንዘቡ ሲጠራቀምም ቍጥሩ የሚስማማ፣ በሚገባ የተፈተሸ ያገለገለ ዕቃ አስመጥተን ገጠምን፤ የፍሬኑ ዘይትም በሙሉ ተቀየረ። ይህ ሁሉ ቀላሉ ክፍል ነበር። ከባዱ የጎረቤታችንን ደጅ አንኳኩቶ እውነቱን መንገር ነበር። እናቱ ቡና እያፈሉ ነበር፤ በፊታቸው ነገርነው። ይቈጣል ብለን ጠብቀን ነበር። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፣ «ጋሼ፣ ቢነግሩኝ ኖሮ እኮ ቀስ ብዬ እወርድ ነበር» አለን።

ስለዚህ ጉዳይ ያነበብነውና ያሰብነው ሁሉ በዚህች ቃል ውስጥ አለ። የጠየቀን አዲስ ዕቃ አልነበረም፤ እንከን የሌላት መኪናም አልፈለገም። ባልንጀራችን ከእኛ የሚፈልገው ከምናውቀው እውነት ድርሻውን ነው፤ የቀረውን እርሱ በጥንቃቄው፣ እግዚአብሔርም በቸርነቱ ይሞላዋል። እናቱ ስኒውን አቀበሉን፤ ሦስተኛውን ጠጥተን ተነሣን። መኪናዋ ዛሬም ፒያሳ ትቆማለች፤ ቁልፉን የሚዋስ ሁሉ አስቀድሞ ወረቀቷን ያነባል።